የምራቴን ራስ የላጨሁ ቀን

ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልጀምር ከትምህርት ቤት የቀረሁ ሰው ነኝ። አጻጻፌ እንደ ወሬ ቢንዛዛ አንባቢ ይታገሠኝ፤ ቀስ እያልኩ መድረሴ አይቀርም።

መተዳደሪያዬ ጸጉር መቁረጥ ነው። በምሥራቅ ሱዳን፣ ሾዋክ፣ ወደ ገዳሪፍና ወደ ከሰላ የሚሄዱት አውቶቡሶች ከሚቆሙበት አለፍ ብሎ አንድ የኒም ዛፍ አለ፤ እሱ ሥር ወንበሬን ዘርግቼ፣ መስተዋቴን ግንዱ ላይ ሰቅዬ ወደ አርባ ዓመት ሠራሁ። ከጎንደር በኩል በድርቁ ጊዜ ስንመጣ በእጄ የነበረው አንድ መቀስ ነበር። ሱዳኖቹ ሐላቅ፣ ጸጉር ቆራጭ፣ ይሉኛል፤ የእኛ ሰዎች አባባ ነው የሚሉኝ።

ራስ ሲላጭ የዋለ ሰው ስለ ጸጉር ይጠየቃል። እኔም እመልስ ነበር። ልጇ ጸጉሩ የሳሳባትን እናት "ሦስት ጊዜ አስላጪው፣ እንደ ገመድ ይወፍራል" እላታለሁ። ግንባሩ እየሸሸ የመጣውን ጎልማሳ "ቆብ አታብዛ፣ ጸጉር አየር ይፈልጋል" እለዋለሁ። አናቱ ላይ ለተላጠው ቀይ ሽንኩርት ጨፍልቀህ እሸው ያልኩበት ጊዜም አለ፤ ሰውየው ለሳምንት ያህል ሰው አጠገቡ አልቆም ብሎት ሊጣላኝ መጣ። ጸጉር ሲጠራረግ ደግሞ ወፍ ወስዳ ጎጆ እንዳትሠራበት፣ ባለቤቱን ራስ ምታት እንዳይዘው እያልኩ እቀብረዋለሁ። ውሸታም ሆኜ አይደለም። የላጨሁትን ራስ ከሳምንት በኋላ በመዳፌ ሳሻሸው ይወጋኛል፤ እንግዲህ ወፍሯል ማለት ነው እላለሁ። እጄ የነገረኝን ነው ያመንኩት።

አንድ ልጅ አለን፣ ወንድ። ከዚህ ርቆ በዓባይ ዳር ባለ ትልቅ ከተማ የመኪና ጎማ ይጠግን ነበር። ጦርነቱ ወደ እነሱ ሲቃረብ እርጉዝ ሚስቱን አውቶቡስ ላይ አሳፍሮ ወደ እኛ ላካት። በስልክ "ዕቃዬን ሸክፌ በሳምንት ውስጥ እደርሳለሁ፣ አባባ፣ እሷን ብቻ ከመኪና ተቀበላት" አለኝ። ተቀበልኳት። ሳምንቱ አለፈ። ከዚያ ሸበካው፣ የስልኩ መስመር ማለቴ ነው፣ ጠፋ፤ ሲመለስም የእሱ ስልክ አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ሁለት ሆነ። ከአውቶቡስ የሚወርደውን ተፈናቃይ ወንበሬ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ጸጉሩን እየቆረጥኩ እጠይቀዋለሁ። የትኛው ሰፈር ነበርክ? የጎማ ጠጋኞቹን ተራ ታውቀዋለህ? ጉንጩ ላይ ጠባሳ ያለው ሐበሻ አላየህም? ብዙው አላየሁም ይላል። አንዱ ግን፣ አንገቱን ስላጨው፣ ያ ተራ ከዳር እስከ ዳር ተቃጥሎ ማየቱን ነገረኝ። ሰዎቹስ ስለው ሰው አላየሁም አለ። የሞተም የቆመም ማለቱ ነው። ይህንን ወሬ ይዤ ወደ ቤት ገባሁ፣ ለማንም አልተነፈስኩም። ለባለቤቴም።

ምራቴ እኛ ቤት ወለደች፣ ሴት ልጅ። አራስነቷን ሳትጨርስ ወባ ያዛት፤ ትኩሳቱ ራሷን አስቷት በሚስቴ ክንድ ላይ የባሏን ስም እየጠራች ስድስት ቀን ሰነበተች። እግዜር ይመስገን፣ ዳነች። ሕፃኗም ጠባች፣ ወፈረች። ሦስት ወር ገደማ ሲሆን ነው የጸጉሩ ነገር የመጣው።

መጀመሪያ ማበጠሪያው ላይ ነበር። ቀጥሎ ትራስ ላይ፣ አንገረቡ፣ የገመድ አልጋው ላይ፣ ወጥ ውስጥ። ረጅም፣ ወገቧ ድረስ የሚወርድ ጸጉር ነበራት፤ ልጄ ሊያገባት ሲል ለእናቱ መጀመሪያ ያወራው ስለ እሱ ነው። አሁን እጇን አስገብታ ስታወጣው ጭብጥ ሙሉ ይዞ ይወጣል። ባለቤቴ የጉሎ ዘይት ቀባቻት፣ ቅቤ ቀባቻት፣ ጥብቅ አድርጋ ሹሩባ ሠራቻት፤ ሹሩባው በጆሮ ግንዷ በኩል ያለውን አባሰው። ምራቴ ስትታጠብ የሚወጣውን እየሰበሰበች በፌስታል ታስቀምጥ ጀመር። ለምን ስላት "ሲመጣ አሳየዋለሁ፣ እንዲያምነኝ" አለችኝ። 

አንድ ጠዋት ባለቤቴ ሽሮና በርበሬዋን ይዛ ወደ ገበያ ወጥታለች፤ እኔም ልወጣ ነበር። ሕፃኗ ጮኸች። ጡት አልያዝ አለች፣ ብናዝላትም እምቢ። እንደኔ ያለ ሽማግሌ የሕፃን ልቅሶ ለይቶ ያውቃልና ይህ የረሀብ አይደለም ብዬ ጨርቁን ፈትቼ አየኋት። የእግሯ ትንሽ ጣት እንደ በርበሬ ቀልታ አብጣለች። ጠጋ ብዬ ሳይ የእናቷ አንዲት ጸጉር ዙሪያውን ተጠምጥማ ሥጋው ውስጥ ገብታለች። በምላጭ ጫፍ ነው ያወጣሁላት። 

ምራቴ ያቺን ጸጉር ከመዳፌ ላይ አንሥታ አየቻት። እዚሁ ሱዳን የተወለደች ልጅ ናት፣ አማርኛዋ መሐል አረብኛ ይገባል።

"ኸላስ፣ በቃ፣ አባባ" አለችኝ። "ላጨኝ።"

"እላጭሻለሁ" አልኳት። "በሦስት ወር ውስጥ እንደ ገመድ ወፍሮ ካልወጣ እኔ ሐላቅ አይደለሁም።"

ይህንን ተስፋ የሰጠኋት ከልቤ ነው። ውሃ አሙቄ፣ ሳሙና መትቼ፣ ከግንባር ወደ ማጅራት ላጨኋት። ራሷ ትንሽ ነው፤ እንደ ልጅ ሆነች። ሳቀችም፣ ነፋሱ ደስ አላት። ራኩባው ሥር፣ የሣር ዳሷ ጥላ ውስጥ ተቀምጣ የራስ መሸፈኛ ጠርሃዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ሕፃኗን ማጥባት ጀመረች።

እንግዲህ ለማያውቅ ሰው ልንገር። በእኛ አገር ባሏ የሞተባት ሴት ራሷን ትላጫለች። ይህንን እኔ ከእናቴ ጀርባ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው። ያን ጠዋት ግን የታየኝ ጸጉሩ ብቻ ነው። ሐላቅ ሆኜ አየሁ፣ የጎንደር ሰው መሆኔን ረሳሁ።

ከመተማ በኩል የመጣች ጎረቤት አለችን፤ የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ ገባች። ምራቴን አየች። ወንፊቱን መሬት ላይ ለቀቀችው፣ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች፣ "ወይ ወንድሜን" አለች ቀስ ብላ። ቶሎ ወደ አጥር ሳብ አድርጌ ነገሩን አስረዳኋት፤ ጸጉሯ እየረገፈ ነው፣ የሕፃኗን ጣት ሊቆርጣት ነበር፣ የሞተ ሰው የለም አልኳት። እንባዋን ጠረገች። "እሺ አባባ። እናቱ እስክትመጣ አልናገርም" አለችኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። እኛ ዘንድ መርዶ ይደበቃል፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ማለዳ በወጉ እስኪያረዱ ድረስ፣ የሚያውቅ ሁሉ ይክዳል። ደህና ነው ይላል። ትናንት ደውሎ ነበር ይላል። ስለዚህ እኔ የሞተ የለም ባልኩ ቁጥር የሚሰማኝ ሰው ሞቷል ብሎ ያምናል። ከዚህ ወጥመድ የሚወጣበት ቃል አማርኛ ውስጥ አላገኘሁም፣ አረብኛም ውስጥ የለም።

ወሬው በምን እንደወጣ እንጃ፤ ሰዓት አልሞላም፣ የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መግባት ጀመሩ። አልጮሁም፤ እናቱ የለችማ። በግድግዳው ጥግ ጥግ እየተቀመጡ አፋቸውን ሸፈኑ። አብሮኝ የተሰደደ፣ በሐዘንም በሰርግም የማይለየኝ ያገሬ ሽማግሌ ከዘራውን ይዞ መጣና ጆሮዬ ሥር ተቆጣኝ።

"ብቻህን? ያውም በጠራራ ፀሐይ? እኛ ምን ሠርተንህ ነው?"

"ልጄ ደህና ነው" አልኩት።

"ደህና ነው፣ ደህና ነው። እንደሱ በል" አለኝና ክንዴን ጨበጥ አደረገኝ።

ምራቴ ሴቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ወጉን አታውቀውም፤ ሐዘንን ግን ማን የማያውቅ አለ። ሕፃኗን ከጡቷ አላቃ ወደ እኔ መጣች።

"አባባ፣ ደውለውልህ ነው?" አለችኝ። "ሞቶ ነው የላጨኸኝ?"

"ማንም አልደወለም፣ ልጄ" አልኳት። ከኋላዬ ያሉት ሴቶች ራሳቸውን ሲነቀንቁ በዓይኗ ውስጥ አየሁ።

ባለቤቴ ከገበያ የተመለሰችው በዚህ መሐል ነው። በር ላይ ቆመች። መጀመሪያ የምራቷን ራስ አየች፣ ቀጥሎ ሴቶቹን፣ መጨረሻ እኔን። አልጮኸችም። ዘንቢሏን አስቀመጠች፣ ከሥራ ቦርሳዬ መቀሱን አወጣች፣ ሻሿን ጣለችና በግራ በኩል ያለውን ሹሩባዋን ከሥሩ ቆረጠችው። ሁለት፣ ሦስት ጕንጕን እስኪወድቅ ድረስ እጇን መያዝ አልቻልኩም። ስይዛት ፊቷን አዙራ "ጨርሰው" አለችኝ። እምቢ አልኳት። ብጨርሰው አረዳሁ ማለት ነው።

ቀኑ በማስረዳት አለቀ። ሰው ሲመሽ ተበተነ፤ ግማሹ አምኖ፣ ግማሹ ቀኑ አልደረሰም ብሎ። ባለቤቴ ግን አላመነችኝም። ምክንያትም ነበራት። ልጃችንን አርግዛ ሳለች እናቷ ጎንደር ሞተው መርዶው ለእኔ መጥቶ ነበር። እስክትወልድ ብዬ ሁለት ወር ደበቅኳት። ደህና ናቸው፣ ሰላምታ ልከዋል እያልኩ። አንድ ነገር ብቻ አልሆንልኝ አለ፤ ጢሜን መላጨት። ሐዘንተኛ ወንድ ጢሙን ያሳድጋል፤ ምላጭ ባነሣሁ ቁጥር አማቴ ፊቴ ይመጣሉ። ፊቴን ሽፍታ ይዞኛል ብዬ አሳደግሁት። መርዶው ሲነገራት "ጢምህ ነግሮኝ ነበር" አለችኝ። ይቅር አለችኝ፤ ግን አልረሳችውም።

ምራቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አላት፣ ወተቷ ቀነሰ። በአራተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። እዚያ የነበረችው ዶክቶራ ራሷ ከጦርነቱ ሸሽታ የመጣች ወጣት ሱዳናዊት ናት። የተላጨውን ራስ ገልጣ አየችና ማን ነው ይህን ያደረገው አለች። እኔ አልኩ። ትልቅ ነገር እንደምትነግረኝ በሚመስል ዝግታ ነገረችኝ። ልጅቷ የወለደችበት፣ በወባ የተቃጠለችበት፣ ያዘነችበት ጊዜ ሁሉ ተደምሮ ጸጉሯን እንዳሳረፈው፣ ያረፈው ጸጉር ወዲያው ሳይሆን ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ እንደሚረግፍ፣ ምንም ሳይቀቡት፣ ምንም ሳይላጩት በራሱ ጊዜ እንደሚመለስ። ደሟ አንሷል፣ ለእሱ ክኒን እሰጣለሁ፣ ምስርና ጉበት አብሏት፣ ሹሩባውን አታጥብቁት አለች። ቆረቆር ቢሆን ሌላ ነገር ነበር፣ እሱ በምላጭህ ከራስ ወደ ራስ ይሄድ ነበር አለችኝ፤ ይኸ እንኳ አለመሆኑን ሳመሰግን ስንት ሰው በአንድ ምላጭ እንደላጨሁ ትዝ ብሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

"ብላጨው ይወፍራል ብዬ ነው" አልኳት።

"ዐሚ" አለችኝ፣ አጎቴ ማለቷ ነው። "ምላጭህ የሚነካው ከላይ ያለውን ነው። ሥሩ መላጨቱን አያውቅም።"

ታዲያ ለምን ይወጋኛል? አልኳት። ታጭዶ የቀረው የማሽላ አገዳ እግርህን አይወጋህም ወይ፣ ከማጨድህ በፊት ይወጋህ ነበር ወይ አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ማሽላ ካጨደ ሰው ጋር ኖሬ ይህንን አላሰብኩትም። የምራቴን ራስ የላጨሁት፣ ያን ሁሉ ልቅሶ ቤቴ የጠራሁት፣ ዝም ብል ለሚድን ነገር ኖሯል።

ወደ ቤት ስንመለስ ምራቴ መንገድ ላይ ቆም አለችና "እንግዲያ እሱ ሞቶ አይደለም የረገፈው" አለችኝ። ለካ ልጅቷ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደዚያ ነው የምታስበው፤ ሰውነቷ ከእኛ ቀድሞ ያወቀ መስሏት ኖሯል፤ ሲመጣ አሳየዋለሁ እያለች በፌስታል መሰብሰቧም ያንን ፍርሃት ለመሸፈን ነበር። ወባው ነው፣ ልጄ፣ አልኳት። መውለድሽ ነው። ያን ቀን ትንሽ ገንፎ በላች።

ባለቤቴ ግን ያው ናት። ግማሽ ራሷን በሻሽ አስራ ትሠራለች፣ ትተኛለች፣ አታናግረኝም። ስቀመጥ ታየኛለች፤ ዓይኔን አይደለም፣ ከዚያ ዝቅ ብላ ነው የምታየኝ። በስድስተኛው ቀን እጄን ወደ አገጬ ላክሁት። ጢሜ አድጓል። ምራቴን ከላጨሁበት ቀን ጀምሮ ሥራ አልወጣሁም፣ መስተዋት አላየሁም፤ ከእፍረት የተነሣ አልተላጨሁም። እሷ የምታነበው ይህንን ኖሯል።

በነጋታው ማለዳ መስተዋቴን ራኩባው ምሰሶ ላይ ሰቀልኩና እሷ እህል እየለቀመች ፊት ለፊቷ ቆሜ ተላጨሁ። ጉንጬን፣ አገጬን፣ ከአፍንጫዬ ሥር ያለውን፤ ቀስ ብዬ፣ እንደ ሙሽራ። ቀና ብላ አየችና ወደ ሰፌዷ ተመለሰች። በሁለተኛውም ቀን፣ በሦስተኛውም። ፊቴ በምላጭ ብዛት ተቃጠለ። በአራተኛው ቀን ሙቅ ውሃ በጣሳ አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠችና አልሄደችም።

"ጢምህን አየሁት" አለችኝ። "ሌላ ግን አለ። የያዝከው ነገር አለ።"

ምላጩን አስቀመጥኩት። ግማሽ ፊቴ ሳሙና እንደሆነ፣ ከአውቶቡስ የወረደው ሰው የነገረኝን ነገርኳት። ተራው መቃጠሉን። ሰው አለመታየቱን። የሞተም የቆመም አለመታየቱን ሁለት ጊዜ ደገምኩላት፤ ሁለተኛውን ለራሴ ነው የተናገርኩት። ስትሰማ እጇ ሻሿ ላይ ነበር። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፣ አላለቀሰችም።

"ይኸው ነው?" አለችኝ።

"ይኸው ነው።"

"ሞቷል አላልከኝም፣ አለም አላልከኝም። አለማወቅህን ግን አሁን አመንኩህ።"

ሻሿን ፈታች። በአንድ በኩል ሹሩባው ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል፣ በሌላው በኩል አጥሮ ቆሟል፣ ሥሩ ነጭ ነው። ወንበሬ ላይ ተቀመጠች።

"በምላጭ አይደለም" አለችኝ። "በመቀስ። እንዲተካከል ብቻ።"

በመቀስ ቆረጥኩላት። ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ። ምራቴ ሕፃኗን ይዛ በር ላይ ቆማ ታየን ነበር። የወደቀውን ጸጉር ባለቤቴ ራሷ ጠርጋ ከአጥሩ ውጭ ደፋችው፤ ወፍ ትወስደዋለች ልል አፌ ደርሶ መለስኩት።

ይህ ከሆነ ብዙ ወራት አልፈዋል። የምራቴ ጸጉር መጥቷል። በወር ከጣት ስፋት አያልፍም፣ እንደ ገመድም አልወፈረም፤ እንደ ድሮው ልስልስ ያለ፣ ያው የራሷ ጸጉር ነው። ዛፉ ሥር የሚመጡትን እናቶች አሁን አትላጩት፣ ምግቡን እዩለት፣ ትኩሳት ታሞ እንደሆነ አስታውሱ እላቸዋለሁ። አንዷ ስቃ "አባባ አረጀ፣ የራሱን ሙያ ካደ" አለች። አሁን ለእያንዳንዱ ሰው ራስ አዲስ ምላጭ ነው የማወጣው።

ከአውቶቡስ የሚወርደውን ሁሉ አሁንም እጠይቃለሁ። ማታ ስገባ የሰማሁትን ክፉም ሆነ ደግ ለሁለቱም እናገራለሁ፤ ያልሰማሁም እንደሆነ አልሰማሁም እላለሁ። ከልጄ በኩል እስካሁን ድምፅ የለም። ባለቤቴ ሲነጋ ጣሳውን ሙቅ ውሃ ሞልታ ምሰሶው ሥር ታስቀምጥልኛለች፤ ራቅ ብላ ቆማ እስክጨርስ ትጠብቃለች።

ዛሬም ጠዋት ተላጨሁ።